ትንሹስ ስንት ነው?

ሰላም ልጆች። ባለፈው ሳምንት ማታ ከደብረ ማርቆስ አንድ ተማሪ ደወለልኝ፤ ባክቴሪያ የምንፈልገውን ነገር አብዝታ እንድታወጣ የትኞቹ ጂኖች ይጥፉ እያለ በኮምፒውተር የሚሞክር ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ጂን ብቻ አጥፍቼ ምርቱን ሰማይ አደረስኩት!» አለኝ። «ጎበዝ! ትንሹስ ስንት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያ ስለ እናንተ ደንታ የላትም። ሐሳቧ መብላትና መባዛት ነው። እኛ ደግሞ ከምትበላው ስኳር የምንፈልገውን ነገር እንድታወጣልን እንመኛለን። ብልሃቱ እዚህ ጎጃም የምናውቀው የእኩል አራሽ ውል ነው። አውድማው አንድ ስለሆነ አራሹ ለራሱ በተጋ ቁጥር የባለመሬቱም ድርሻ ይጨምራል። የኛ ሥራ የትኞቹ ጂኖች ቢጠፉ ሴሏ እንዲህ ያለ ውል ውስጥ እንደምትገባ በኮምፒውተር መፈለግ ነው።

ኢ ኮላይ የምትባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ውሰዱ። ኦክስጅን በሌለበት ግሉኮስ (ስኳር) ስትበላ ኤንኤዲኤች የሚባል ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሞለኪውል ይከማችባታል፤ ካላራገፈችው መብላቷ ይቆማል። አንዱ ማራገፊያዋ ኢታኖል መሥራት ነው። የኢታኖሉን መንገድ አድኤችኢ የሚባለውን ጂን፣ አሴቴት የሚባለውን ሌላ ውጤቷን መንገድ ደግሞ ፒቲኤ የሚባለውን አጥፍታችሁ ብትዘጉባት የሚቀራት ሰፊ በር ላክቲክ አሲድ ነው። ማደግ ካማራት ላክቲክ አሲድ ታወጣለች፣ በቃ። ይህ ንድፍ ላቦራቶሪ ውስጥም ተሞክሮ ሠርቷል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት አንድ ንድፍ ሠርቼ፣ ሊወጣ የሚችለውን ትልቁን ምርት ብቻ አይቼ፣ ለባልደረቦቼ በስላይድ አቀረብኩ፤ ጭብጨባውም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ሴሏ በዚያው ከፍተኛ እድገቷ ላይ ሆና ማውጣት የምትችለውን ትንሹን ምርት አሰላሁት። ዜሮ። ያልዘጋሁት ሌላ በር ነበራት። የመስኖ ውሃ አንዱን ቦይ ስትዘጋበት የግድ ወደ አንተ ማሳ አይመጣም፤ ጎረቤት ጋ ክፍት ካገኘ እዚያ ይፈሳል። ይህን ከአባቴ ማሳ ላይ ተምሬው ነበር፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ረሳሁት።

የሚጠፉ ጂኖችን የሚመርጥልን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኦፕትኖክ የሚባል የኮምፒውተር ዘዴም የዋህነት አለበት። ሴሏ በተለያየ መንገድ እኩል ማደግ ከቻለች ለእናንተ የሚጠቅመውን ትመርጣለች ብሎ ያስባል። በ2010 የመጣው ሮባስትኖክ ግን ክፉውን አስቦ ነው የሚነድፈው። እኔ ዛሬ የማምነው ይሄንኛውን ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱን ሥራ ሁለት ኤንዛይሞች ይሠሩታል፤ የአንዱን ጂን አጥፍታችሁ ተዘጋ አትበሉ። ደግሞ ሁሉንም ልሞክር የምትሉ አላችሁ። አይኤምኤል1515 የሚባለው የኢ ኮላይ ሞዴል (ሴሏ ምግቧን ወደ ምን እንደምትቀይር የሚያሰላ የኮምፒውተር ካርታ) 1515 ጂኖች አሉት። ሦስት ሦስቱን ብቻ እያጠፋን እንይ ብትሉ ከ578 ሚሊዮን በላይ አማራጭ ነው፤ የኛ መብራት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል (ደርሶብኛል፣ ውጤቱን በየመሀሉ ሴቭ አላደረግኩም ነበር)። ይህን ስሌት የሚሠራው ኮብራፓይ የሚባል የፓይተን ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ተራ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። መጀመሪያ በትንሹ የኢ ኮላይ ሞዴል እጃችሁን አፍታቱ።

ልጁ በማግስቱ መልሶ ደወለ። «ትንሹ ዜሮ ነው» አለኝ። አሁን አራተኛውን ጂን እየፈለገ ነው።