ሱቅ ልከራይ ወይስ መሣሪያ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ቆጪ ነው። ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር እየዞርኩ ሙያውን ለምጃለሁ። የበር ቁልፍ መቀየርም፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ መድፈንም አያቅተኝም። አሁን ለብቻዬ ወጥቼ የቤት ጥገና ሥራ ልጀምር ነው። 60 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይላል። ልያዛት? ሌላው ጭንቀቴ ዋጋ ነው። ጎረቤትና ዘመድ ሲጠራኝ ይሉኝታ ይይዘኝና «የፈቀዳችሁትን» እላለሁ። ብዙ ጊዜ በምርቃት ብቻ እሸኛለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሱቋን ተዋት፣ ወንድሜ። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ውሃው ሳሎን እየገባበት መርካቶ ወጥቶ ሱቅ አይፈልግም። ጎረቤቱን «የምታውቂው ልጅ አለ?» ብሎ ስልክ ይቀበላል። ስለዚህ ብርህ መሣሪያ ላይ ይዋል። ደህና ድሪል፣ የቧንቧ መፍቻ በሁለት መጠን፣ የማይወዛወዝ መሰላል፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መፈተሻ)፣ የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መበየጃ። የቀረውን አትንካው፤ የሠራኸው ተበላሽቶ ተመልሰህ በራስህ ወጪ የምታስተካክልበት ቀን አይጠፋም።

መበየጃውን ስትገዛ ርካሹን አታንሳ። ሙቀቱ 260 ዲግሪ ላይ ካልረጋ ሥራህ በሙሉ ይበላሻል። 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የሚሞቀው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች «ጠበቅ ይበል» ብለው ያቆዩታል፤ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይቀልጥና ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ከዚያ የቤቱ እመቤት «ውሃው ቀጠነ» ስትል ጥፋቱ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ይመስላል። ስታገጣጥምም ቀጥ አድርገህ አስገባ፣ አታጣምመው።

ዋጋን በተመለከተ፣ «የፈቀዳችሁትን» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። የጠራህ ሰው ራሱ ስንት እንደሚሰጥህ ግራ ይገባዋል፣ አንተም ቅር ብሎህ ትሄዳለህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራህ ደግሞ እግርህ ይጎተታል። መጀመሪያ ሄደህ እይ። ከዚያ ወረቀት ላይ ዕቃው ለብቻ፣ የእጅ ዋጋህ ለብቻ ጻፍና ስጠው። ዕቃውን አንተ የምትገዛ ከሆነ ደረሰኙን አሳይ። ለዘመድም ይሄንኑ አድርግ። እትዬ እንትና ስላሳደጉህ ከእጅ ዋጋህ ላይ ቀንስላቸው፣ ደስ ካለህ በነፃ ሥራላቸው፤ ግን ስንት እንደተውክላቸው ይወቁት። የቧንቧውን ዋጋ ግን ከኪስህ አታውጣ። ይሉኝታ መኖሩ ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከተነጋገራችሁ ደግሞ ማንም አይቀየምህም።

ትልቅ ሥራ ከሆነ ቀብድ ተቀበል፣ ስትቀበል ግን አስብበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ማለትም የሦስት ቤት ቀብድ በአንድ ሳምንት ሰብስበህ ሁለቱን ነገ ዛሬ ማለት አያዋጣህም። ሕጉ ቢቀር እንኳ ሰፈሩ አይረሳም። ጅማ ውስጥ ሙያ ያለው ሰው ሞልቷል። ሰው የሚማረረው «ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን በሚያጠፋው ነው። ካልቻልክ ማታውኑ ደውለህ አልችልም በል። በዚህ ብቻ ደንበኛ ታገኛለህ፣ ከልቤ ነው የምልህ።

የጅማን ዝናብ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ የጣሪያ ሥራህን ጥርና የካቲት ላይ ፈልግ። ደንበኞችህን እየደወልክ «ሳይዘንብ ልይላችሁ» በላቸው። ስትወጣ በካትራሜ ለድፈህ ብቻ አትውረድ፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እይ። ሚስማር የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ላይ የተመታ ካለ የሚያፈሰው እሱ ነው። አሸንዳውንም ጥረግ፣ ቅጠል ሞልቶበት ውሃው ወደ ግድግዳ ይመለሳል፣ የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱን አትጠይቀኝ። ክረምት ላይ «በሩ አልዘጋ አለ» ብለው ይጠሩሃል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው። ብዙ አትላገው፤ በጋ ሲመጣ ይኮማተርና ነፋስ ያስገባል። ከጥቅምት በኋላ የቡና ገንዘብ ወደ ከተማው ሲገባ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ሽንት ቤት ማደስ ይበዛል። ለዚያ ጊዜ አንድ ረዳት ብታዘጋጅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ አላልክም። ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ቀልጦ «ቀይርልን» ሲሉህ ቀላል ይመስላል። ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ስታሰላው ወደ 16 አምፔር ነው። ሽቦው ቀጭን ከሆነ አዲሱም ሶኬት ይቀልጣል፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ ቤቱ ይቃጠላል። ለምጣድ ከብሬከር ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው። የምታምነው ኤሌክትሪሺያን ያዝና እንዲህ ያለውን ለእሱ ስጥ፣ እሱም የቧንቧውን ላንተ ይልካል። መማር ከፈለግክ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ገብተህ ሰልጥን፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውንም ውሰድ።

ቲንና የንግድ ፈቃዱን ቶሎ ጨርስ፣ ሆቴልና መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ አያሠራህም። ካርድ ስታሳትም በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፣ ስልክህን በትልቁ ጻፈው፣ ዓይናቸው የደከመ እናቶችም እንዲያነቡት። የመጀመሪያዎቹን ካርዶች ለእናትህ ዕድር ሴቶች አድል።