የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኅብረታችን ሁሉም ሰው ጌታን የተቀበለበትን ቀን ይመሰክራል። ሰዓቱን ሳይቀር የሚያስታውስ አለ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እጸልያለሁ፤ «ያኔ ተለወጥኩ» የምለው ቀን ግን የለኝም። በቀደም አንዷ ጓደኛዬ «እንግዲያው ገና አልተወለድሽማ!» አለችኝ። እውነቷን ነው? ዳግመኛ መወለድስ ምንድን ነው?
ቀን የሌላት

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። በድሮው መጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ጀርባ «ዳግም የተወለድኩበት» ብዬ የጻፍኩት ቀን አለ። ከሥሩ ሌላ ቀን አለ። ከዚያም ሥር ሦስተኛ። ወንጌላዊ በመጣ ቁጥር «ያለፈው አልያዘም ይሆን?» እያልኩ ወደ ፊት እወጣ ነበር። አንቺ ቀን አጣሽ፣ እኔ ተረፈኝ።

ነገሩ ያለው ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነው፤ የአይሁድ አለቃ፣ የተከበረ መምህር። በሌሊት መጣ። ጌታም «ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ በቀር የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊያይ አይችልም» አለው። በግሪኩ ቃሉ «አኖቴን» ነው። «እንደገና» ማለትም «ከላይ» ማለትም ይሆናል። ኒቆዲሞስ የሰማው «እንደገና»ን ብቻ ነው፤ ሽማግሌ እንዴት ወደ እናቱ ማኅፀን እንደሚመለስ አስጨነቀው። «ከላይ» ብለሽ ካነበብሽው ግን ጥያቄው ይቀየራል። መቼ ተወለድሽ ሳይሆን ማን ወለደሽ ነው። ልጅ ራሱን አይወልድም። እኔ ሦስት ጊዜ ራሴን ልወልድ ነበር የሞከርኩት።

መምህሩ ይህን ማወቅ ነበረበት። ሕዝቅኤል 36 ላይ እግዚአብሔር ንጹሕ ውኃ እንደሚረጭ፣ የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚሰጥ፣ መንፈሱን በውስጣቸው እንደሚያኖር ተናግሯል። የሚያደርገው ሁሉ እሱ ነው።

ጌታ ቀጥሎ ሰው «ከውኃና ከመንፈስ» መወለድ አለበት ያለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ልደቱ በጥምቀት ነው ይላሉ፤ ቲቶ 3፥5ንም ይጠቅሳሉ። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሰው ሲያምን ነው ይላሉ። ክርክሩን እዚህ አልጨርሰውም።

ጌታ ለኒቆዲሞስ የሰጠው ምሳሌ ነፋስ ነው። ድምፁን ትሰማለህ፣ ከወዴት እንደመጣ ግን አታውቅም አለው። በግሪኩ ነፋስም መንፈስም አንድ ቃል ናቸው፤ «ፕኔውማ»። ጓደኛሽ የነፋስ መነሻ ሰዓት ነው የጠየቀችሽ። ጳውሎስ ጌታ የተገለጠለት የደማስቆ መንገድ አለው፤ ቀኑን አይረሳውም። የጳውሎስ ደቀ መዝሙር ጢሞቴዎስ ግን ከሕፃንነቱ መጻሕፍትን ያውቅ ነበር፤ እምነቱም ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ነበረ። «ያን ቀን» የሚል ነገር አልተጻፈለትም።

ድምፁስ ምንድን ነው ካልሽኝ፣ አንደኛ ዮሐንስ 4፥7 የሚወድ ሁሉ ከእግዚአብሔር ተወልዷል ይላል። እኔና ወንድሜ በውርስ ተጣልተን ለዓመታት ተኮራርፈን ነበር። አንድ ማታ ስልኩን አንስቼ ደወልኩለት። ለምን እንደደወልኩ አሁንም በቅጡ አልገባኝም፤ በራሴ ባሕርይማ አላደርገውም። ያን ቀን መጽሐፍ ቅዱሴ ላይ አልጻፍኩትም።

ኒቆዲሞስም ያን ሌሊት «አመንኩ» ማለቱ አልተጻፈም። ምዕራፍ 7 ላይ በሸንጎ ፊት ፈራ ተባ እያለ ለጌታ ይሟገታል። ምዕራፍ 19 ላይ ጌታን ሊቀብር መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ብቅ ይላል። ጓደኛሽን ጠይቂያት፤ እሱ የተወለደው በየትኛው ቀን ነው?