ጥቁር ቢራ እንዴት ይቀመሳል?

ስታውት ስለሚባለው ጥቁር ቢራ ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ስላሉ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ከደሴ፣ ሸዋበር፦ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ስድስት ጠርሙስ ስታውት ይዛልን መጣች። ሁለቱን በፍሪጅ በደንብ አቀዝቅዘን ከቁርጥ ጋር ጠጣናቸው። ከምሬት በቀር ምንም አላገኘንበትም። የአገራችንን ሐኪም ስታውት ቀምሼ አውቃለሁ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አራት ጠርሙስ ቀርቶናል። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የቢራው?

መልስ፦ ቢራው ደህና ይመስለናል፤ የጎዳው ፍሪጁ ነው። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይይዛል። በዚያ ቅዝቃዜ ስታውት መዓዛውን አይለቅም፣ ምላስም ጣፋጩን አይለይም፤ ጎልቶ የሚቀረው ምሬቱና የጋዙ ቁንጥጫ ነው። በዚያ ላይ የቁርጡ ጮማና አዋዜው ተጨምሮበታል።

የአሜሪካ ስታውት ደግሞ ሲጠመቅም ጀምሮ መራራ ነው። ስታውት መነሻው ለንደን ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፖርተር ከሚባለው ጥቁር ቢራ ጠንከር ያለው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አነስተኛ ጠማቂዎች ሲነሡ ጥቁሩን ገብስ እንዳለ ይዘው ሆፕሱን አበዙበት። በ1980 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሴራ ኔቫዳ እንኳ የመጀመሪያ ጥምቁ ስታውት ነበር። ሆፕስ በእኛ ጌሾ ቦታ የሚገባ የሐረግ አበባ ነው፤ ከጌሾ ጋር ግን የቅርብ ዝምድና የለውም። ካስኬድ የሚባለው ዓይነት የብርቱካን ልጣጭ፣ ቺኑክ የሚባለው የጥድ ሙጫ ይሸታል። ቀለል ያለ ላገር (የተለመደው ቢጫ ቢራ) የምሬቱ መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ25 በታች ሲሆን የአሜሪካ ስታውት ከ35 እስከ 75 ይደርሳል፤ አልኮሉም ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። ጥቁረቱና የቡና ቃናው የሚመጣው ሳይበቅል ከተቆላ ገብስና እስኪጠቁር ከተቆላ ብቅል ነው። ይህ ከጠቅላላው እህል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ቀሪውን ግን በሙሉ ያጠቁረዋል። ለጠላ አሻሮ የቆላ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

ለቀሩት አራቱ እንዲህ ያድርጉ። ጠርሙሶቹን ሳያስተኙ፣ አቁመው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፏቸው። ፍሪጅ ውስጥ ከሆኑ ከመክፈትዎ 30 ደቂቃ በፊት ያውጧቸው፤ የሚፈለገው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ እጅ ይበቃል፦ ጠርሙሱ ሲጨብጡት ይቀዘቅዛል፣ መዳፍ ግን አያሳምምም። ፍሪጅ የሌለው ሰው በደሴ ምሽት አይቸገርም። ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት ነው።

ብርጭቆው ከቅባት ይጽዳ። ወጥ የነካ እጅ ወይም ቅቤ ያለበት ፎጣ የዳሰሰው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ያጠፋዋል። በሳሙና አጥበው፣ ሳሙናው እስኪለቅ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ ደፍተው ያንጠፍጥፉት እንጂ አይወልውሉት። ሲቀዱ የጋዝ ኳሶች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው አልጸዳም። ቅርጹ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሁን። ብርሌ ያምራል፤ አንገቱ ግን አፍንጫ አያስገባምና ለጠጅ እንተወው።

ብርጭቆውን አዘንብለው ቢራውን በጎኑ ያንሸራትቱት፤ ሊሞላ ሲቃረብ ቀና አድርገው መሐሉ ላይ ይቅዱ። ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሁለት ጣት አረፋ ይኑረው። ከጠርሙሱ ታች አተላ ካዩ የመጨረሻውን አንድ ጣት እዚያው ይተዉት። ወደ መብራት ሲያነሡት መሐሉ ድፍን ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ፣ አረፋው የማኪያቶ መልክ ያለው ሆኖ ያገኙታል።

ማሽተት እንደተቀዳ ነው፤ ቶሎ የሚያመልጠው መዓዛ የሆፕሱ ነውና። ብርጭቆውን በመዳፍ ከድነው ሁለት ሦስቴ ያዙሩት፣ መዳፍዎን አንሥተው በአጭር በአጭሩ ሦስት ጊዜ ይሳቡ። ረጅም መሳብ አፍንጫን ያደክማል። ከደከመ የራስዎን እጅጌ አሽትተው ይመለሱ። ለሸተተዎት ነገር የቤትዎን ስም ይስጡት፦ ሊወጣ የደረሰ ቡና ነው? የገብስ ቆሎ? ከምጣድ ጠርዝ የተቃጠለ ዳቦ? እንግሊዝኛ መለያው ላይ የተጻፈውን መድገም አያስፈልግም። የወሎ አፍንጫ ቡና ሲቆላ፣ ገብስ ሲታመስ፣ ጋን በወይራ ሲታጠን ያደገ ስለሆነ ለዚህ ቢራ ከማንም አያንስም።

ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ይጎንጩ፣ አራት አምስት ሰከንድ በምላስ ላይ ያንከባልሉት፣ ይዋጡ፣ አፍ ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ። ወይን ቀማሾች ይተፋሉ፤ ቢራ ግን ይዋጣል፤ የምሬቱ ልክ የሚታወቀው ከጉሮሮ ካለፈ በኋላ ነው።

ምሬቱን አንድ ላይ አይፈርጁት፤ ሦስት ዓይነት ነው። የተቆላው ገብስ ምሬት ስኳር እንደሌለው ቡና ነው፤ ምላስ መሐል ላይ ይመጣና ደረቅ ብሎ ይሄዳል። የሆፕሱ ምሬት ጌሾ እንደ በዛበት ጠላ ወደ ጉሮሮ ጠለቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ከኋላው የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። ሁለቱ በአሜሪካ ስታውት ውስጥ መኖር ያለባቸው ናቸው። ሦስተኛው እንደ በዛ ሻይ ቅጠል ምላስን የሚይዝ፣ አመድ አመድ የሚል ጉምዘዛ ሲሆን፣ ይህ ጠማቂው ያረረ እህል ሲያበዛ ወይም እህሉን ከልክ በላይ በጋለ ውሃ ሲያጥብ የሚመጣ ጉድለት ነው። ሁለቱን ከሦስተኛው መለየት የቻለ ሰው ስታውት መቅመስ ችሏል እንላለን።

በጉንጭ መካከል ውሃና ተራ ዳቦ ይቅመሱ። ግማሹን ብርጭቆ ለ15 ደቂቃ ትተው ይመለሱበት፤ ቢራው ሞቅ ሲል ቸኮሌቱና የብቅሉ ጣፋጭነት ብቅ ይላሉ።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ጠርሙስ ስታውት በሚኒባስ ደሴ ላሉ አማቼ ወሰድኩ። እንደደረስኩ ስከፍተው ግማሹ አረፋ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የደሴ ከፍታ ነው ያደረገው?

መልስ፦ ከፍታው ድርሻ አለው፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ከቢራው የወጣው ጋዝ እዚያ በሲሶ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ግን አሥር በመቶ አይሞላም። መንገዱ ጠርሙሱን ናጠው፣ ሙቀቱ ጋዙን ከቢራው ለመልቀቅ አዘጋጀው፣ እርስዎ ሳያሳርፉ ከፈቱት። ከመንገድ በኋላ አንድ ቀን አቁሞ ማሳረፍ፤ ጊዜ ካጠረ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት በፍሪጅ ውስጥ። ሲከፍቱም ቆርኪውን በአንዴ አያንሡት፤ ጠርዙን ትንሽ አላልተው ጋዙ እስኪተነፍስ ይጠብቁ።

ቀዝቅዞና አርፎም ከገነፈለ፣ ሲቀምሱትም ቀጥኖ ከኮመጠጠ፣ ባዕድ እርሾ ወይም ባክቴሪያ ገብቶ የቀረውን ስኳር ጠርሙሱ ውስጥ ጨርሶታል። እሱን ይድፉት።

መለያው ላይ ናይትሮ የሚል ካለ ይህ ሁሉ አይሠራም። ውስጡ ያለው በብዛት ናይትሮጅን ስለሆነ ብርጭቆውን ቀጥ አድርገው በኃይል ይገልብጡበት፤ በቀስታ ከቀዱት አረፋ አይሠራም።

ከሐይቅ፦ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የአሜሪካ ስታውት ሶያ ሶስ ሶያ ሶስ ይላል። መለያው ላይ 03/09 ይላል፣ ቀኑ ግን ገና ነው። የተበላሸ ነው?

መልስ፦ አርጅቷል። ኦክስጅን የገባበት ላገር እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ ጥቁር ቢራ ደግሞ ወደ ሶያ ሶስና ወደ አሮጌ ዘቢብ ያደላል። ጤና አይጎዳም፣ ጣዕሙ ግን አይመለስም። ቀኑን ደግሞ እንደገና ያንብቡት፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ወር ይቀድማል። ያ ቁጥር ሴፕቴምበር 3 ሳይሆን ማርች 9፣ በእኛ የካቲት 30 ነው። ከቁጥሩ በፊት ፓኬጅድ ኦን የሚል ካለ የታሸገበት ቀን ነው፤ ቤስት ባይ የሚል ካለ ጣዕሙ የሚጠበቅበት የመጨረሻ ቀን ነው። ከ5 እስከ 7 በመቶ የሆነ ስታውት ከታሸገ በስድስት ወር ውስጥ ቢጠጣ ጥሩ ነው። ኢምፔሪያል የሚባሉት፣ ከ9 በመቶ በላይ የሆኑት፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ ዓመታት ይቆያሉ።

ሱቁ በር ላይ ሣጥኑን ፀሐይ ላይ ደርድሮ ከሆነ አይግዙ። ሙቀት እርጅናን ያፈጥናል፤ ብርሃን ደግሞ የሆፕሱን ምሬት ለውጦ የሚከረፋ ሽታ ያመጣበታል። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን አይከላከልም። ሌሎች ሁለት ሽታዎችንም ይያዙ፦ ለጋ ቅቤ ከሸተተ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቋርጧል፤ የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ ጥንስሱ እሳት ላይ በደንብ አልፈላም።

ከከሚሴ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፤ አልኮል አልጠጣም። የውጭ እንግዶች ስለ ስታውት ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። ሳይጠጡም ማወቅ ይቻላል፤ የስታውት ትልቁ ክፍል የገብስ አቆላል ነውና እሱን በውሃ ይማሩት። 60 ግራም ገብስ ለሦስት ይክፈሉ። አንዱን 20 ግራም እንደ ቆሎ ወርቃማ እስኪሆን፣ ሁለተኛውን እንደ ቡና እስኪጠይም፣ ሦስተኛውን ሊጠቁር እስኪል ይቁሉ፤ ጭሱ ሳይበዛ ምጣዱን ያውርዱ። እያንዳንዱን በሙቀጫ ሰባብረው በ200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ሁለት ደቂቃ ባረፈ ውሃ ይዘፍዝፉ፣ 15 ደቂቃ ከድነው ያጥልሉ፣ ሲቀዘቅዝ በተራ ያሽቱና ይቅመሱ። ቀሪቦ ከሚዘጋጅበት ቤት ያደገ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛው ቡናና ቸኮሌት፣ ሦስተኛው ጭስና አመድ ነው። የብርቱካን ልጣጭ በጥፍርዎ ጨምቀው በሁለተኛው ሲኒ ላይ ቢይዙት ለአሜሪካው ስታውት መዓዛ ይቀርባል። ለእንግዳው፦ "ቡና ቡና ይላል፣ ደረቅ ነው፣ መጨረሻው መራራ ነው፤ ለስለስ ያለ ከፈለጉ የወተት ስኳር የገባበት ሚልክ ስታውት ይሻላል" ማለት ይበቃል።

ከወልዲያ፦ ለእንግዶች ስታውት ላቀርብ አስቤያለሁ። ምን ምግብ ይስማማዋል? በጾም ቀን ቢሆንስ?

መልስ፦ የበግ ደረቅ ጥብስ፣ ጠርዙ ጠቆር እስኪል የተጠበሰ፣ የጥብስ ቅጠል ያለበት። የሥጋው ቃጠሎና የገብሱ ቁሌት አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ዶሮ ወጥ አንመክርም፤ አልኮልና የሆፕስ ምሬት የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ጨው ያልበዛበት አይብ ምሬቱን ያለዝባል። ከምግብ በኋላ ብዙ ስኳር የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ያቅርቡ።

ለጾም ድፎ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎና ለውዝ ይስማሙታል። ግን መለያውን ያንብቡ፦ ሚልክ ስታውት የሚለው ስም ለጌጥ አይደለም፤ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይገባበታል። እርሾ ላክቶስን ስለማይበላው ጣፋጭነቱ ቢራው ውስጥ ይቀራል። ለጿሚ አይሆንም፣ ወተት ሆዱን ለሚያውከው ሰውም እንዲሁ። ኦትሚል የሚለው ግን አጃ ነው።

ኢምፔሪያል ከገዙ ልኩን ይወቁት። 10 በመቶ የሆነ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 35 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ላገር ግን 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ብቻ። ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ ለሦስት እንግዳ ያካፍሉ፣ ቀጣዩን የሚከፍቱትም የመጀመሪያው ብርጭቆ ሞቅ ብሎ ተቀምሶ ካለቀ በኋላ ይሁን።