ስለ ጓዳልካናል ዘመቻ፦ ጥያቄና መልስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት የሰለሞን ደሴቶች፣ በጓዳልካናል ደሴት በአሜሪካና በጃፓን መካከል ስለተካሄደው ዘመቻ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ደም የፈሰሰባት ደሴት ምን ነበራት?

መልስ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። ጃፓኖች የጀመሩትን ማረፊያ ቢጨርሱት ኖሮ አሜሪካን ከአውስትራሊያ የሚያገናኘው የባሕር መስመር አደጋ ላይ ይወድቅ ስለነበር፣ የአሜሪካ ማሪኖች (ከባሕር ወደ የብስ ወርደው የሚዋጉ ወታደሮች) ኦገስት 7 ቀን 1942 (በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1934 ዓ.ም.) በደሴቲቱ አረፉና በማግስቱ ማረፊያውን ያዙ። በሚድዌይ ውጊያ በሞተው አብራሪ ስምም ሄንደርሰን ብለው ሰየሙት።

ጥያቄ፦ አሜሪካውያንና አጋሮቻቸው ከጓዳልካናል አቅራቢያ ባለችው በሳቮ ደሴት አጠገብ ለምን ያን ያህል ተጎዱ?

መልስ፦ የጃፓን መርከበኞች ለሌሊት ውጊያ ለዓመታት የሠለጠኑ ነበሩ፤ ቶርፔዷቸውም (በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ከአሜሪካውያኑ ቶርፔዶ ይልቅ እጅግ የራቀ ዒላማ ይመታ ነበር። በኦገስት 9 ሌሊት የጃፓኑ አድሚራል ሚካዋ ሦስት የአሜሪካና አንድ የአውስትራሊያ ክሩዘሮችን (ትልልቅ ፈጣን የጦር መርከቦችን) አሰመጠ፤ ከ1,000 በላይ መርከበኞች አለቁ። ነገር ግን ንጋት ላይ የአውሮፕላን ጥቃት እንዳይደርስበት ሰግቶ፣ ለማሪኖቹ ስንቅና ትጥቅ የጫኑትን መርከቦች ሳይነካ ተመለሰ። እኔ ከዘመቻው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በባሕር ዳርቻ የነበረው የአሜሪካ ጦር ያለ ስንቅ ቢቀር ኖሮ ማረፊያውን ይዞ መቆየት ይከብደው ነበርና።

ጥያቄ፦ «የቶኪዮ ኤክስፕረስ» የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ቀን ቀን ከሄንደርሰን የሚነሡ አውሮፕላኖች ባሕሩን ስለሚቆጣጠሩ፣ ጃፓኖች ወታደርና ምግብ የሚያመላልሱት ጨለማን ተገን አድርገው በፈጣን አጥፊ መርከቦች ነበር። አሜሪካውያን ያን የሌሊት ምልልስ እንዲህ ብለው ጠሩት። ችግሩ አጥፊ መርከብ የተሠራው ለውጊያ እንጂ ለጭነት አለመሆኑ ነው፤ ከባድ መድፍና በቂ ሩዝ አይችልም። ኋላ ላይ ምግብ በበርሜል አሽገው፣ በርሜሎቹን በገመድ አያይዘው ባሕር ላይ እስከ መጣል ደረሱ፤ ብዙዎቹም የተራበው ወታደር እጅ ሳይገቡ ቀሩ። ደሴቲቱን ጃፓኖች ራሳቸው «የረኀብ ደሴት» ያሏት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ወሳኙ የባሕር ውጊያ የትኛው ነው?

መልስ፦ በኖቬምበር አጋማሽ የተደረገው ነው። በኖቬምበር 13 ሌሊት መርከቦቹ በጨለማ እርስ በርስ ተደባልቀው ሲታኮሱ ካላሃንና ስኮት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ አድሚራሎች ሞቱ፤ ጃፓኖችም ሂዬ የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ አጡ። በዚያው ቀን ጁኖ የተባለው የአሜሪካ ክሩዘር ሲሰምጥ በላዩ ያገለግሉ የነበሩት አምስቱ የሱሊቫን ወንድማማቾች አብረው ጠፉ። ወታደርና ስንቅ ከጫኑት 11 የጃፓን መርከቦች ሰባቱ በመንገድ ሰመጡ፤ አራቱ ብቻ ዳርቻው ላይ ደርሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጃፓን ማረፊያውን መልሶ ለመያዝ በዚያ መጠን አልሞከረችም፤ በፌብሩዋሪ 1943 ከ10,000 በላይ የሚሆኑ የተረፉ ወታደሮቿን በሌሊት አስወጣች።

ጥያቄ፦ የደሴቲቱ ተወላጆችስ?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ጡረታ የወጣው የፖሊስ ባልደረባ ጄኮብ ቩዛ ለማሪኖቹ ሲሰልል ተይዞ፣ ከዛፍ ታስሮ በሳንጃ ተወጋ። ምስጢር ግን አላወጣም፤ ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ደሙን እያፈሰሰ ወደ ማሪኖቹ ደረሰና ጥቃቱ እየመጣ መሆኑን ነገራቸው።