የቤት መሰላል ለጀልባ ይሆናል ወይ ላልከው

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን ትናንት ያነሣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፤ ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ገዝቶ ባሕር ዳር አምጥቷል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ አካሉ ፋይበር ግላስ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ የሚወጣበት መሰላል ግን የለውም። ከውጭ የሚመጣው ዋጋው ስላስደነገጠው፣ የቤት አሉሚኒየም መሰላል ቆርጬ ከኋላ ብሰቅለውስ ይላል። ብዙዎቻችሁ «ይሆናል» ብላችሁታል። እኔም ከሰባት ዓመት በፊት ለራሴ እንደዚያው መክሬ፣ ምክሬን ሰምቼ፣ የእጄን አግኝቻለሁ።

በዕድሜ ታናሼ ስለምትመስለኝ አንተ ልበልህ።

የእኔ ጀልባ ባለሞተር ናት፤ እንግዶችን በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል አመላልስባታለሁ። ያን ጊዜ ቤት ተቀምጦ የነበረ የአሉሚኒየም መሰላል ቆርጬ፣ ሁለት መንጠቆ በብሎን አስሬ፣ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ አንጠለጠልኩት። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ያምራል። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ያወጣሁት ወጪ የመንጠቆው ብቻ ነው። የጎረቤት ጀልባ ነጂዎች ሳይቀሩ የት እንዳሠራሁት ጠየቁኝ።

አንድ ቀን ደብረ ማርያም አካባቢ ብቻዬን ሳለሁ ገመድ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩን አጥፍቼ ጎንበስ ብዬ ስፈታ ሚዛኔን ስቼ ወደቅሁ። ዋና ስለማውቅ አልደነገጥኩም፤ ዞሬ መሰላሌን ያዝኩ። የመጨረሻው መርገጫ ከውሃው በታች አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር። እስቲ ቆመህ ሞክረው፤ እግርህን እስከ ደረትህ አንሥተህ፣ በዚያ እግር ብቻ መላ ሰውነትህን ከነእርጥብ ልብስህ ሽቅብ ግፋ። በዚያ ላይ መሰላሉ ቀላል ነውና፣ እግሬን ባስቀመጥኩ ቁጥር ታችኛው ጫፍ ወደ ጀልባዋ ሆድ ሥር ይሸሻል። እግሬ ወደ ሥር ይገባል፣ ጀርባዬ ወደ ውሃው ይንጋለላል። ሁለቴ ሞከርኩ። በሦስተኛው ክንዴ ከዳኝ። የዓባይ መውጫ ቅርብ መሆኑን፣ ጉማሬም እዚያ እንደማይጠፋ የማስታወሻ ጊዜ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ያወጣኝ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰው ነው። ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፤ በደረቴ ተስቤ ወጣሁበት። ሰውዬው ጀልባዬን ትክ ብሎ አየና፣ «ይቺ ለመውረድ ብቻ ነው እንዴ የተሠራችው?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

እንግዲህ ልነግርህ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የጀልባ መሰላል የሚለካው ከውሃው ውስጥ ነው፤ ከላይ ቆሞ አይለካም። የሚወጣበት ሰው ደክሞታል፣ ልብሱ ረጥቧል፣ ምናልባትም ብቻውን ነው። አሉሚኒየም ይሁን ብረት የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ጀልባው ላይ ሁለት ሰው አስቀምጥና፣ ከኋላው ጠርዝ እስከ ውሃው ድረስ ለካ። የእኔዋ 70 ሳንቲ ሜትር ነች። ታችኛው መርገጫ ከውሃው በታች 75 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲሆን አደረግሁ፤ ከዚያ በየ28 ሳንቲ ሜትሩ አንድ መርገጫ። ስድስት መርገጫ ሲሆን፣ ሦስቱ ውሃ ውስጥ፣ ሦስቱ ከውሃ በላይ ናቸው። የላይኛው ከውሃው በላይ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያልቃል። ውሃ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ናቸው ሥራውን የሚሠሩት፤ ሰው እንደ ቤቱ ደረጃ ቀስ ብሎ ረግጦ ይነሣል፣ ክንዱም እረፍት ያገኛል። በምንም ምክንያት መቆጠብ ካለብህ ከላይ አንዱን ቀንስ፣ ከታች ግን አትንካ።

አሁን ወደ ብረቱ። የባሕር ሰዎች በቪዲዮ ሲያስተምሩ የማይዝግ ብረት ካልሆነ በቀር ሌላ አታስብ ይሉሃል። ጨው ላለበት ውሃ እውነታቸውን ነው። ጣና ግን ጨዋማ አይደለም፤ ቤታችን ድረስ ውሃ የሚያመጣው ጋልቫናይዝድ ቱቦ እዚህ በደንብ ይኖራል። ዋጋ አልጽፍልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያሳፍረኛል። መጠኑን ግን ልንገርህ፤ የሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ አንድ ዘንግ 6 ሜትር ነው፤ ይበቃሃል። ለሁለቱ ቋሚ 3 ሜትር፣ ለስድስቱ መርገጫ (ስፋታቸው 35 ሳንቲ ሜትር) 2 ሜትር ከ10 ይሄዳል። ከተረፈው 90 ሳንቲ ሜትር አራት ባለ 12 ሳንቲ ሜትር መደገፊያ ቁረጥ፤ በቀሪው ጠርዙ ላይ የሚቆም የእጅ መያዣ ይወጣል። ጠቅላላ ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። የአንድ ኢንች ቱቦ ይጠነክራል የሚልህ አይጠፋም፤ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ግን ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ይነሣልና አትስማው።

መደገፊያዎቹን አደራ። ሁለቱ ከውሃው በላይ፣ ሁለቱ ከታችኛው ክፍል ጋር ተበይደው ወደ ጀልባው አካል የሚዘረጉ አጫጭር እግሮች ናቸው። እኔን ያንጋለለኝ ታችኛው ጫፍ ወደ ሥር እንዳይሸሽ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው፤ ለእግር ጣትም ቦታ ይሰጣሉ። ጫፋቸውን ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ካልሸፈንከው ፋይበሩን ይበሉታል።

ክብ ቱቦ ባዶ እግርን ያሳምማል። በታችኞቹ ሦስት መርገጫዎች ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ጣውላ በብሎን አስሬያለሁ። ጣውላው እንዳያንሸራትት በመጋዝ ገጹን ጭረት ጭረት አድርገው። ቀለም አትቀባው፤ ቀለም የተቀባ እርጥብ እንጨት ሳሙና ማለት ነው።

የበያጁ ነገር። ጋልቫናይዝድ ሲበየድ ከላዩ ያለው ዚንክ ይጨስና፣ ጭሱን የሳበው ሰው ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ የሚበየደው ቦታ ላይ ያለው ሽፋን አስቀድሞ ይሞረድ፤ ሥራውም ነፋስ በሚያገኝ ደጅ ላይ ይሁን። ሽፋኑ የተሞረደበት ቦታ መጀመሪያ የሚዝገው ነውና፣ ብየዳው እንደበረደ ዚንክ ያለው የዝገት መከላከያ ሁለት ዙር ቀባው። ከቱቦዎቹ ታችና ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አስበሳ፤ ውሃ ገብቶ መውጫ ካጣ ከውስጥ ይበላዋል፣ አንተም የምታውቀው የተሰበረ ዕለት ነው።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚረሳው ነገር። ታችኛው ግማሽ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መንጠልጠል አይችልም። ሲጓዙ ይጎትታል፤ እምቦጭ ባለበት ከሄድክ ሥሩ ተጠምጥሞ ነዶ ያህል ያሸክምሃል፤ ውሃው በሚጎድልበት በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ዳር ስትጠጋ ከድንጋይ ጋር ያጋጭሃል። ስለዚህ መታጠፍ አለበት። መሰላሉን ከውሃው በላይ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ለሁለት ከፍለህ፣ በላሜራ ጆሮና በወፍራም ብሎን አገናኘው፤ ታችኛው ክፍል ወደ ውጭ ተነሥቶ በላይኛው ላይ ይተኛ። ብሎኑን ሁለት ዳዶ ደራርበህ እሰረው፤ አንዱ ብቻ በንዝረት ይፈታል።

ታጥፎ ሲቆም በገመድ ይያዛል፤ ያቺ ገመድ ናት የሕይወትና የሞት ጉዳይ። ቋጠሮዋ ጀልባው ውስጥ ከሆነ፣ ብቻህን የወደቅህ ዕለት መሰላልህ ከላይ ሆኖ ያይሃል። አንድ ጊዜ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ አድርግና፣ የገመዱ ጫፍ ውሃው ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው እንዲንጠለጠል አድርገው። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጀልባው ላይ እንጨት ውስጥ በሚጠመዘዝ ሹል ብሎን እንዳታጣብቀው፤ ፋይበር ግላስ እንዲያ አይዝም። ግድግዳውን ከውጭ እስከ ውስጥ በስቶ የሚያልፍ ብሎን አስገባና፣ ከውስጥ በኩል ከመዳፍህ የሚሰፋ ላሜራ ወይም ወፍራም ጣውላ ደግፍለት። በሮንዴላ ብቻ ከታሰረ ሰው በረገጠው ቁጥር ዙሪያው ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ለጀልባ በሚሆን ማሸጊያ ድፈን፤ የመስኮት ሲሊኮን ቶሎ ይላቀቃል።

ስለ ሸራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ግን ይህንኑ መሰላል ለአንድ ወዳጄ ባለሸራ ጀልባ ከሁለት ዓመት በፊት ሠርተናል። እዚያ የተማርነው፣ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ሲዞር መሰላሉን እንዳይነካ ከመብሳታችን በፊት በካርቶን መለካት እንደሚገባ ነው፤ እኛ አንዱን ጎን ረስተን ሁለት ቀዳዳ በከንቱ በሳን። ሌላው፣ ሸራው ካልወረደ ጀልባው ሰውየውን ጥሎት ይሄዳል፤ ጥሩ ዋናተኛ እንኳ አይደርስበትም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ላይ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ የጀልባው ኋላ ከፍ ዝቅ እያለ ይመታል። ስለዚህ ብቻህን ስትሄድ ሃያ ሜትር የሚሆን ተንሳፋፊ ገመድ ከኋላ ጎትት፣ ጫፉ ላይ ባዶ ጀሪካን እሰር።

ለዚህ ወር ገንዘቡ ካልሞላ ከወፍራም ናይሎን ገመድ ሦስት የእግር ማስገቢያ ቀለበት ቋጥረህ ስቀል። ከአሉሚኒየሙ መሰላል አይብስም፤ ግን እሱም ወደ ሥር ይሸሻልና ለዘለቄታው አትመካበት።

ሠርተህ ስትጨርስ ከነልብስህ፣ የሕይወት ጃኬት ለብሰህ፣ ወዳጅህ ጀልባው ላይ ሆኖ እጁን አጣጥፎ እያየህ ሞክረው። ዳር ደንገሉ ሥር አይሁን፤ እዚያ ቢልሃርዚያ አለ፣ ወደ ጥልቁ ወጣ በል። ከዚህ በፊት ግን የጀልባህን የኋላ ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልን። ውስጡ እንጨት ካለበት አበሳሱ ይለያያልና ትራፓኖህን ለጊዜው አስቀምጠው።