መልስ፦ «ፉትሉስ» ፊልም ላይ የጨፈረው ራሱ ተዋናዩ ኬቨን ቤከን ነው? የፊልሙ ዘፈንስ ከቀረጻው በፊት ነበረ?

በከፊል ራሱ ነው። ዘፈኑ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፊልም የመጋዘን ጭፈራ ልብ ብለህ እየው። ፊቱ ቀርቦ ሲታይ ቤከን ነው፤ ብረት ላይ ሲሽከረከርና ሲገለባበጥ ግን ተተኪ ነው። ተተኪዎቹ አራት ነበሩ፦ አንድ ለአደገኛ ትዕይንት፣ አንድ ለዳንስ፣ ሁለት ለጂምናስቲክ። ምስሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቆራረጥ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

የመጨረሻው ጭፈራ ሲቀረጽ የድምፃዊው የኬኒ ሎጊንስ ዘፈን ስላልተጠናቀቀ የቸክ ቤሪን «ጆኒ ቢ. ጉድ» አጫወቱ፤ በኋላ የሎጊንስ ዘፈን ገባበት። ይህ የሚሠራው የሁለቱ ዘፈኖች ፍጥነት አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ለምሳሌ በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ ጨፍረው 122 ምት ያለው ቢገባ፣ በ15 ሰከንድ ግማሽ ምት ይዛነፋል፤ እግር የሚያርፈው በሁለት ምት መሃል ይሆናል ማለት ነው። ያን ማንም ተመልካች ያየዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀረጽ ፊልም ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ሲሆን እያንዳንዱ ምት ልክ 12 ፍሬም ስለሚወስድ ለአርታኢ ምቹ ነው፤ ሌላው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የፍሬም ሽራፊ ያመጣል።

ንግግር ያለበት የጭፈራ ትዕይንት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ ሙዚቃው ለጥቂት ሰከንድ ተከፍቶ ይዘጋና ጨፋሪዎቹ በዝምታ ይቀጥላሉ፤ አለዚያ ድምፁ ከንግግሩ ጋር ተቀርጾ አይለይም።

የፊልሙ ዘፈኖች አልበም ስኬትስ ከተባለ፣ የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ከአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ከቢልቦርድ አንደኛነት ያወረደው እሱ ነው። የሎጊንስና የዴኒስ ዊሊያምስ ነጠላ ዜማዎችም አንደኛ ወጥተዋል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ዲን ፒችፎርድ የዘፈኖቹም ተባባሪ ደራሲ መሆኑ ሳይረዳ አልቀረም።