ጥያቄና መልስ፦ አንድ መርከብ ለሁለት ጎረቤት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት አገሮች የጦር ማጓጓዣ መርከብ ወጪና ሥራ እንደሚካፈሉ በአጭሩ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ፤ አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ የምጠጣ ጡረተኛ ነኝ። እንደ ድሬ ወግ ሁላችሁም «አንተ» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፤ ደስ ብሎኛል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

«ለየራሳቸው ለምን አይገዙም?»

ውድ ነው፤ ግን ዋናው እሱ አይደለም። እንዲህ ያለ መርከብ የሚፈለገው አንዳንዴ ነው፤ ወጪው ግን በየቀኑ ነው። ባሕርተኛው ደሞዝ ይፈልጋል፣ ብረቱ ይዝጋል። ካሬል ዶርማን የሚባለውን የሆላንድ መርከብ እዩ። ርዝመቱ 205 ሜትር ገደማ ነው። ታንክና ካሚዮን ይጭናል፤ ለሌሎች መርከቦችም ባሕር ላይ ነዳጅ ይሰጣል። በ2013፣ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ፣ መንግሥቱ አቅም የለኝም ብሎ ሊሸጠው ተነሣ። ከሳምንታት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በ2016 ደግሞ ጀርመን አብራ ልትጠቀምበት ተፈራረመች።

«ታዲያ የማን ነው? እኩል?»

የሆላንድ ነው። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት መርከብ የሚያውለበልበው የአንድ አገር ባንዲራ ብቻ ነው። የጦር መርከብ ከሆነ አዛዡም የዚያው አገር መኮንን ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይሻላል። ሁለት ካፒቴን ያለበት መርከብ ላይ አልሳፈርም።

«ሁለቱም በአንድ ቀን ቢፈልጉትስ?» ከሳቢያን የጠየቀችኝ ናት።

ይቺ ናት ጥያቄ! የዕድር ድንኳን አስቢ። ሲዋጣ ማንም አያኮርፍም። ጉዱ የሚታየው በአንድ ቀን ሁለት ቤት ለቅሶ ሲገባ ነው። ስለዚህ ድርሻው አስቀድሞ ይጻፋል። በአውሮፕላን ጥሩ ምሳሌ አለ። 12 አገሮች ሀንጋሪ ውስጥ ፓፓ ላይ 3 ሲ-17 የጭነት አውሮፕላኖች በጋራ ያበርራሉ። እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት የሚወስደው እንደ መዋጮው ነው። ሌላም አለ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ገንዘብ ሳይከፍሉ አንዱ የሌላውን ጭነት ያደርሳል። የሒሳቡ መለኪያ ሲ-130 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን የአንድ ሰዓት በረራ ነው። የዛሬ ባለዕዳ ነገ በበረራ ይከፍላል። ገበሬያችን ይህን ወንፈል ይለዋል፤ እነሱ ረጅም ስም አወጡለት።

«ጥገናውን ማን ይችላል?»

ቤልጅየምና ሆላንድ ተከፋፍለውታል። መርከቦቹ ማጓጓዣ አይደሉም፤ ዘዴው ግን ይሠራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት መርከብ ይይዛሉ። ፍሪጌቱን፣ ማለትም ተዋጊውን መርከብ፣ ሆላንድ ትጠግናለች፣ ፈንጂ አሳሹን ቤልጅየም። ከ1996 ጀምሮ በሆላንዱ ወደብ ደን ሄልደር የተቀመጠ አንድ አድሚራል ሁለቱን ባሕር ኃይሎች ይመራል። መርከቡ ጦርነት ይግባ አይግባ ግን እያንዳንዱ መንግሥት ራሱ ይወስናል።

«ከገንዘብ ሌላ ምን ይከብዳል?»

ሰንሰለት። አትሳቁ። መርከብ ሆድ ውስጥ ካሚዮን ፍሬን ይዞ ብቻ አይቆምም። በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ይወጠራል። አንዱ ከላላ፣ ማዕበል ሲመጣ መጀመሪያ ሲጥ ይላል። ቀጥሎ ካሚዮኑ ይንሸራተታል። ያን ድምፅ አንድ ሌሊት ሰምቼዋለሁ። አራት ሆነን በጨለማ፣ በሆዳችን ተስበን አጠበቅነው። አጠገቤ ያለው ሰው እንደ እኔ ባያስር ኖሮ አንደርስለትም ነበር። ጀርመኑ በአንድ መንገድ፣ ሆላንዱ በሌላ ካሰረ የወረቀቱ ስምምነት አያድንም። ለዚህ ነው አብሮ መሠልጠን የሚቀድመው።

«እኛና ጅቡቲስ?»

ድሬ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ! የድሮው ባቡር ከ1981 ጀምሮ የሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ነበር። ወደቡ እዚያ፣ ሎኮሞቲቩ የሚጠገነው እዚህ። አዲሱም 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው። መርከብ ላይም ሕጉ በር አይዘጋም። ወደብ የሌለው አገርም በራሱ ባንዲራ መርከብ የማንቀሳቀስ መብት አለው። የንግድ መርከቦቻችን ይኸው ጅቡቲ ይመላለሳሉ። የጦር መርከብ ግን ማደሪያ ይፈልጋል። የኛ በ1990 ከምጽዋ፣ በ1991 ከአሰብ ወጣ፤ በ1996 ባሕር ኃይሉ ራሱ ተዘጋ። አሁን እንደገና እየተቋቋመ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ጋር የሚደረግ ድርድር በመርከብ ዋጋ አይጀምርም፤ ማታ የት ይታሰራል በሚለው ነው።

ስለ በርበራ የጠየቃችሁ፦ እሱን በርጫ ላይ።